ለረጅም ሰው የሚበቃ

የሴት ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ አሰላ ውስጥ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ። የዚህን ከተማ ሴቶች ወገብ ከባሎቻቸው ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው። ማን እንደተመቻት፣ ማን ለማንም ሳትነግር እንዳረገዘች፣ ማን ቤቷ ሰላም እንዳጣች ሜትሬ ይነግረኛል። አንዷ ቀሚሷን ይዛ መጥታ «አስፊልኝ» ስትለኝ እቀልድባታለሁ። «አጥብቢልኝ» ስትለኝ ግን ቀና ብዬ ፊቷን አያለሁ።

አንዳንዷ ወልዳ ነው፣ አንዳንዷ ተናዳ ነው፤ ያው ቀሚስ ለሁለተኛ ጊዜ ሊጠብብ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ታላቅ እህቴ የኢድ ቀሚሷን መጀመሪያ ስታመጣልኝ «ደግሞ ኮረዳ ልትሆኚ ነው?» ብያት ሳቅን። ሁለተኛ ስታመጣው እሷ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም። በመጨረሻ ቀሚሱ ብቻውን በሰው እጅ መጣ። አጥብቤ፣ ተኩሼ፣ መስቀያ ላይ እንደሰቀልኩት ነው ስልክ የተደወለልኝ። በሽታውን ሐኪሞቹ በስሙ ሲጠሩት ሰምተናል፤ እኛ ቤት ግን እስከ ዛሬ ስሙ «ያ ክሳት» ነው።

ይህን ያስቀደምኩት፣ አምና ጤና ጣቢያ የነገሩኝን ነገር ከእናቴ ለምን እንደደበቅኩ እንዲገባችሁ ነው።

ሃምሳ ዓመት ደጄን እያንኳኳ ነበር። እግሬን ሲያቃጥለኝ የስፌት መኪናው ፔዳል ነው እያልኩ ከረምኩ። የጤና ጣቢያው ሲስተር ግን ደሜን አስመርምራ «ስኳርሽ ድንበሩ ላይ ቆሟል» አለችኝ። «አልተሻገረም። እንዳይሻገር ኪሎ መቀነስ አለብሽ። ይሄ የእግር ማቃጠል ዝም ብሎ አይደለም፤ ንቀውት እግራቸውን ያጡ ሰዎች በዚህች በር ገብተው ወጥተዋል።» ይህን ስትለኝ የሱቄን ፔዳል አሰብኩ፤ ያለ እግር ማን ይረግጠዋል ብዬ።

ጀመርኩ። ስኳር የሌለው ሻይ ጠጣሁ፤ አርሲ ውስጥ ይህን የሚጠጣ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ቅቤ ተውኩ፣ ፓስታ ተውኩ፣ ጎመን በጎመን ሆንኩ፣ የዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ሲሸተኝ መንገድ ቀየርኩ። ከሱብሂ ሰላት በኋላ ወደ ኢተያ በሚወስደው አስፋልት በእግሬ መውጣት ያዝኩ። የእኛ ከተማ መንገድ ማለዳ ማለዳ የሯጮች ነው። ልምምድ ላይ ያሉ ልጃገረዶች ሽው ብለው አልፈውኝ ይሄዱና ሲመለሱ እዚያው አካባቢ ያገኙኛል። አንዷ «በርቺ እናቴ» ብላኝ አለፈች። ልመልስላት ፈልጌ ትንፋሽ አጣሁ።

ሚዛን አላምንም፤ የማምነው ሜትሬን ነው። ጁምዓ ጁምዓ፣ ሱቁን ለደንበኛ ሳልከፍት፣ ወገቤ ላይ እጠመጥመዋለሁ። አይንቀሳቀስም። አንድ ሳምንት የጥፍር ያህል ፈቀቅ ይላል፣ በሚቀጥለው ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። ሌላ ሰው ላይ ለክቼ ቢሆን «ሜትሩ ተበላሽቷል» ብዬ እጥለው ነበር። ሲስተሯ ጋ ሄጄ አማረርኩ። «በዚህ ዕድሜ ሰውነት በቀላሉ አይለቅም፤ ታገሺ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችኝ። «የኔ እንቁላልማ ተቀቅሎ ተበልቷል» አልኳት። ሳቀች። እኔ የምሬን ነበር። ሲርበኝ ውዬ፣ ሲያምረኝ አድሬ፣ ወገቤ ግን ምንም እንዳልተነገረው ሰው እዚያው ተቀምጧል። ብሽቅ እያልኩ የደንበኛ ጨርቅ አበላሽቻለሁ።

ሆኖም አለመክሳቴ በአንድ በኩል እፎይ ያሰኘኝ ነበር። በእናቴ ምክንያት።

እናቴ ሳጉሬ ነው የምትኖረው፤ አዮ ነው የምንላት። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ከጥላ በቀር አታይም። ወደ አሰላ ነይ ብላት «የልጄ መቃብር እዚህ ነው» ብላ እምቢ አለች። አንዲት ጎረቤቷ ምግብ ታቀርብላታለች፣ ውሃ ትቀዳላታለች። እኔ የሳጉሬ ገበያ ቀን በደረሰ ቁጥር ሚኒባስ ይዤ እወጣለሁ። ገና በሩ ላይ ድምጼን ስትሰማ እጇን ትዘረጋለች፤ እጄን ስሰጣት የእጄን አንጓ በአውራ ጣቷና በመሃል ጣቷ ትከባለች። ሰላምታ ይመስላል። ልኬት ነው። እኔ በሜትር የማደርገውን እሷ በጣቷ ታደርገዋለች፤ ሁለቱ ጣቶቿ ሳይገናኙ ሲቀሩ «አልሐምዱሊላህ» ትልና ትለቀኛለች።

በኦሮምኛ «ሁቀቴ» ማለት «ከሳሽ፣ ቀጠንሽ» ማለት ነው። ሰው መንገድ ላይ ለወሬ መጀመሪያ ይለዋል። እኛ ቤት እህቴ ከሞተች ወዲህ ከማንም አፍ ወጥቶ አያውቅም። ለአዮ ክሳት የሞት መልእክተኛ ነው፤ ከሱ ኋላ ማን እንደሚመጣ አይታለች። ስለዚህ ስኳሩንም፣ ጎመኑንም፣ የማለዳ መንገዱንም አልነገርኳትም። ቀስ ብዬ ከቀነስኩ ቀስ ብላ ትለምደዋለች፣ ሳታውቀው ያልፋል አልኩ። እሷ ጋ ስሄድ የቀረበልኝን ጥቂት እቀምሳለሁ፣ «አሰላ በልቼ ነው የመጣሁት» እላለሁ። ደግነቱ ሜትሩም አይንቀሳቀስም ነበር።

የስንዴ አጨዳ ሲደርስ፣ ኮምባይነሮቹ አስፋልቱን ሞልተው ወደ ማሳ ሲወርዱ፣ ተንቀሳቀሰ። ምን እንደለቀቀው አላውቅም፤ የታሰረ ነገር እንደተፈታ ነው የሆነው። በአንድ ጁምዓ ሁለት ጣት ያህል ወረደ፣ በሚቀጥለው ደገመ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የገዛ ቀሚሴን አውልቄ ጎኑን ለማጥበብ መኪናው ላይ አደረግኩት። እግሬ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ደንበኞች የሚያዩበትን ትልቁን መስታወት ቀና ብዬ አየሁ፤ ሌላዋን ሴት በማይበት ዓይን ራሴን አየሁት። ጉንጬ ገብቷል። አንገቴ ላይ እህቴ የነበራት መስመር ወጥቷል። ጤነኛ መሆኔን አውቃለሁ፣ የለፋሁበት ነው፣ ሲስተሯም «ጎበዝ» ብላኛለች። ቢሆንም ፈራሁ። ቀሚሱን ሳላጠብበው መልሼ ለበስኩት።

ለገበያው ቀን ተዘጋጀሁ። የሙያ ነገር ሆኖ ልቤ ወደ ስፌት ሄደ፤ ለአንድ ቀሚስ ወፍራም ገበር አደረግኩለት፣ ትከሻውና ክንዱ ላይ ስፖንጅ ጨመርኩበት። ከውስጥ ሁለት ሹራብ ደረብኩ። የሳጉሬ ብርድ ማንንም ስለሚያስደርብ ምክንያት አልቸገረኝም። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ተመችቶሻል ማሻአላህ» ስትለኝ ሥራዬ እንደተሳካ አወቅኩ።

የእጅ አንጓ ግን ገበር አይደረግለትም። አዮ እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት፣ ጣቶቿ ዞሩና ተገናኙ። ጥቂት ያዘችኝ። «ሁቀቴ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ መልሴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አላለችም። እጄን ቀስ ብላ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችውና «ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስወጣ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«በሚቀጥለው ስትመጪ ነጭ አቡጀዴ አምጪልኝ።»

«ለትራስ ነው? ስንት ይበቃሻል?»

«ለረጅም ሰው የሚበቃ» አለችኝ።

«እዚህ ቤት ደግሞ ምን ረጅም ሰው አለ?» ብዬ ሳቅኩ። «አምጪ ብቻ» አለች።

ለአንሶላ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጥሩውን መርጬ፣ ሰፋ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ለእናቴ ነው ብዬ ዙሪያውን በቀጭኑ አሳምሬ ቀመቀምኩት። ወሰድኩላት። ጭኗ ላይ ዘርግታ ዳበሰችው፣ ጥራቱን ወደደችው። ከዚያ ጣቷ ጠርዙ ላይ ደረሰ። ስፌቱን ተከትላ ሄደች፣ እስከ ማዕዘኑ። ፊቷ ተለወጠ።

«ለምን ሰፋሽው?»

«እንዳይተረተር ነዋ።»

«ይሄ አይሰፋም» አለችኝ።

ከዚያ በጥፍሯ ክሩን ፈልጋ አንድ አንድ እያለች መፍታት ጀመረች። እኔ ሙስሊም ሆኜ፣ ስንት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ እህቴን በነጭ ተጠቅልላ አይቼ፣ መርፌ የማይነካው ጨርቅ የትኛው እንደሆነ ሊጠፋኝ አይገባም ነበር። «አዮ፣ ገና ነሽ እኮ» ብቻ አልኳት። መፍታቷን ቀጠለች። ያረጀ ሰው ከፈኑን ቢያዘጋጅ ነውር የለውም፣ ሞትን ማሰብ ነው ብዬ ራሴን እያጽናናሁ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አሰላ ልንደርስ ስንል ነው ነገሩ የመታኝ። አዮ አጭር ናት፤ ደረቴ ጋ ነው የምትደርሰው። ከቤታችን ረጅሟ እኔ ነኝ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ፤ ማለዳ መንገዴን እየሄድኩ እንኳ አንድ ሰው ከኋላዬ ጨርቅ ይዞ የሚከተለኝ ይመስለኝ ነበር። ሄጄ ሁሉን ልንገራት ወይስ ዝም ልበል እያልኩ ሳመነታ ሦስት የገበያ ቀን ሳልወጣ አለፈ፤ ያኔ ጎረቤቷ ደወለችልኝ።

«እናትሽ ጾም ይዛለች።»

«ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች እኮ።»

«ሰኞና ሐሙስ ቢሆን ምን አስደወለኝ። በየቀኑ ነው። ስታፈጥርም ውሃና አንድ ጉርሻ ነው። ስለምናት ‹ስለት አለብኝ› ትለኛለች። ነይና እያት።»

የገበያ ቀን አልነበረም። ጭጋጉ የጭላሎን ተራራ ውጦት መንገዱ እንኳ በቅጡ አይታይም ነበር፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ነው የወጣው። አዮ መደብ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ለአረፋ የሰፋሁላት ቀሚስ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ሜትር አላስፈለገኝም። እኔ በወራት ረሃብ ያልቀነስኩትን እሷ በሳምንታት ቀንሳዋለች።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቅኳት። ብዙ አላስለመነችኝም፤ የተሸከመችው ከብዷት ነበር መሰለኝ።

«ጨርቁ ያንቺ ነበር» አለችኝ። «አንጓሽን ስይዘው አወቅኩ። እህትሽም እንደዚህ ነበረች፤ ልብስ ደርባ ነበር የምትመጣው። ጨርቁ በሰው እጅ ተገዝቶ እንዳይመጣ፣ እኔ ቀድሜ ላዘጋጅልሽ አልኩ። ካመጣሽው በኋላ ግን እሱን ዳብሼ ማደር አቃተኝ። ሁለተኛ ልጅ አልቀብርም አልኩ። አላህን ለመንኩት፤ እኔን አስቀድመኝ፣ ጨርቁ ለኔ ይሁን፣ ቢረዝምብኝም ግድ የለም፣ ይጠቀለልብኛል አልኩት። እየጾምኩ የምለምነው ይህንን ነው።»

አለቀስኩ። ጮክ ብዬ ነው ያለቀስኩት፣ ጎረቤቷ በር ላይ መጥታ እስክትቆም። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስኳሩን፣ ድንበሩን፣ ሲስተሯን፣ ጎመኑን። «አልታመምኩም አዮ፣ እኔ ነኝ የቀነስኩት፣ ሆን ብዬ» አልኳት። እዚህ ላይ ቃል አጣሁ። ከተማ ውስጥ «ኪሎ ቀነስኩ» ስትሉ ሁሉም ይገባዋል፣ ያደንቃችኋል። በእሷ ኦሮምኛ ግን ያ አነጋገር የለም። ክሳት ይመጣብሻል እንጂ አታመጪውም። «ቀነስኩ» የሚለውን ቃል ስነግራት ግንባሯን ቋጠረች።

«ሰው ከጆንያ እህል ይቀንሳል። ከብት ሲበዛበት ይቀንሳል። ሰው ራሱን ይቀንሳል?»

«ሐኪም ነው ያዘዘኝ።»

«እህትሽንም ሐኪም ነበር የሚያያት» አለችኝ።

ማልኩላት፤ አላመነችኝም። የጤና ጣቢያውን ወረቀት ባመጣላት ማንበብ አትችልም፣ ሰው ቢያነብላት ተባብራችሁ ነው ትለናለች። በመጨረሻ «ካልታመምሽ ብዪ» አለች። ጎረቤቷን አዘዘቻት፤ ጭኮ መጣ፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ፣ አጠገቡ ስኳር የበዛበት ሻይ። እኔ ጎረስኩ። አዮ ጆሮዋን ወደኔ አዘንብላ መዋጤን አዳመጠች። «አንቺም ብዪ» አልኳት። «ከበላሽ እበላለሁ» አለች። በላች። ቀን በቀን የጾመች ሴት ከእጄ ቅቤ ስትጎርስ ሳይ ሌላው ሁሉ ከንቱ ሆነብኝ።

ውላችን ይኸው ሆነ። በየገበያው ቀን እወጣለሁ፤ ጭኮው ታሽቶ ይጠብቀኛል፤ እኔ ስበላ እሷ ትበላለች፣ እኔ እጄን ስሰበስብ እሷም ትሰበስባለች። ስለዚህ አልሰበስብም። ብዙ እበላለሁ። ስመለስም የተቋጠረልኝን ይዤ እወርዳለሁ፤ ልጥለው እያልኩ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ፣ የለመደ አፍ መቼ ያፍራል። ሜትሩ ተመልሶ የድሮ ቦታውን ያዘ። ከዚያም አለፈ። አዮ አንጓዬን ስትይዘው ጣቶቿ መገናኘት ተዉ፤ «ልጄን መለሰልኝ» ብላ ፊቷ በራ። ጾሟን ተወች።

የሲስተሯ ፊት ግን አልበራም። «ድንበሩን ተሻግረሻል» አለችኝ። መድኃኒት ጀመርኩ። «እንደዚያ ወርደሽልኝ ምን ነካሽ? ምንድነው የምትበዪው?» ስትለኝ «ከእናቴ ጋር ነው የምበላው» አልኳት። ነገሩ የገባት አልመሰለኝም። ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ሁለቱ የእግሬ ጣቶች ደንዝዘው እንደ ሌላ ሰው ጣት ነው የምነካቸው። ቢሆንም አዮ እየበላች ነው እላለሁ። ለእሷ ስል ነው እላለሁ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ባለፈው ወር ጎረቤቷ እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ። አትሸኘኝም ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ አጠገቤ ቆማ ነጠላዋን ስታፍተለትል ቆየች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትነግሪያት ብላኛለች» አለች። «ቅቤው አይስማማትም። አንቺ እግርሽ ከወጣ በኋላ ታስመልሳለች፣ ጎኗን ይዛ ታድራለች። የሰፈራችን የጤና ባለሙያ መጥታ አይታት፣ ‹ሐሞቷ ነው፤ ቅባት የሚባል አይንካት፣ አንድ ቀን ይገድላታል› አለች።»

«ታዲያ ለምን ትበላለች?»

«እኔም ጠየቅኳት። ‹እኔ ካልበላሁ እሷ አትበላም፤ እሷ ካልበላች ትሞትብኛለች› አለችኝ።»

ረዳቱ «ግቢ እንጂ እናት» ብሎ ጮኸብኝ። ገባሁ። አሰላ እስክደርስ መስኮቱን ነው ያየሁት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ የምነግራትን ሳሰናዳ ነበር፤ ሁለታችንም እንተወው ልላት፣ ጎመንም አብረን እንበላለን ልላት። በሩ ጋ ስደርስ የቅቤው ሽታ ተቀበለኝ። አዮ መደቡ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ገበታውን አስቀርባለች፤ ቀኝ እጇ ጎኗ ላይ ነው፣ ድምጼን ስትሰማ ቶሎ አነሳችው። «ቢስሚላህ» አለች። ጎረስኩ። ጎረሰች። ስትውጥ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ የማያይ ዓይን ለምን እንደሚጨፈን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። እጄን ሰበሰብኩና የምለውን ልጀምር ተነፈስኩ።

መዋጤን ስታጣው ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት እህቴ የሞተች ቀን የነበረው ነው።

«ጠገብሽ?» አለችኝ በቀጭን ድምፅ።

«አልጠገብኩም» አልኳት።

ፈገግ አለች። ገበታውን ወደኔ ገፋ አደረገችና ለራሷም አንድ ጉርሻ አነሳች።